ከቡጢ መድረክ እስከ ቬርደን ምሽግ፦ የዩጂን ቡላርድ ነገር

የቀበና ልጅ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለመድረኩ ተሳታፊዎች። ሰሞኑን ስለ ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን በተከፈተው ክር ላይ «የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ተዋጊ አብራሪ» የሚል ቃል ሲደጋገም አይቼ ነው ይህን የምጽፈው። ሮቢንሰን ባለውለታችን ነው። በ1935 ጣሊያን ሊወረን ሲሰናዳ መጥቶ በርሮልናል፣ ከጦርነቱ በኋላም ተመልሶ አብራሪዎች አሠልጥኗል፣ ቀብሩም እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ከእርሱ ክብር ላይ አንዲት ቅንጣት ልቀንስ አልመጣሁም። ነገር ግን ሮቢንሰን ገና ልጅ ሳለ በፈረንሳይ ሰማይ ላይ የጀርመን አውሮፕላን ያሳድድ የነበረ ሌላ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። ስሙ ዩጂን ቡላርድ ይባላል፤ ከአብራሪነቱም ከወታደርነቱም በፊት ቦክሰኛ ነበር። (ዓመተ ምህረቶቹን፣ ወራቱንና ቀናቱን ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር አንብቡልኝ።)

ስለ ቡላርድ የሚጽፉ ሰዎች ቡጢውን በአንድ መስመር አልፈው ወደ አውሮፕላኑ ይሮጣሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ፓሪስ ያደረሰው ቡጢው ነው፤ ፓሪስ ባይደርስ ኖሮ ወታደርም አብራሪም አይሆንም ነበር። ስለዚህ ታሪኩን ከዚያ በኩል ልንገራችሁ።

የተወለደው በጥቅምት 1895 በአሜሪካ ደቡብ፣ ጆርጂያ ውስጥ ኮሎምበስ በምትባል የጥጥ ከተማ ነው። ለወላጆቹ ከአሥር ልጆች ሰባተኛው ነበር። አባቱ በጥጥ መጋዘን የሚሠራ ግዙፍ ሰው ሲሆን፣ ከአንድ ነጭ የሥራ አለቃ ጋር ተጣልቶ ሰውየውን ወደ ምድር ቤት ወረወረው። በዚያ ዘመን በጆርጂያ እንዲህ ያለ ጥፋት በስቅላት የሚያስከፍል ነበር። የሰከሩ ነጮች በሌሊት መጥተው በር ሲደበድቡ አባትየው ጠመንጃውን ታጥቆ፣ ልጆቹም ትንፋሻቸውን ውጠው እንዳሳለፉት ቡላርድ ሽማግሌ ከሆነ በኋላ ጽፎታል። አባቱ ለልጆቹ ደጋግሞ የሚነግራቸው አንድ ነገር ነበር፦ ፈረንሳይ የሚባል አገር አለ፣ እዚያ ሰው በቆዳው አይለካም።

ልጁ ይህን ይዞ በአሥራ አንድ ዓመቱ ከቤት ጠፋ። መርከብ ከየት እንደሚነሣ እንኳ አያውቅም። ስታንሊ የሚባሉ ከእንግሊዝ የመጡ ጂፕሲዎች ፈረስ እየነገዱና እያሽቀዳደሙ ሲዞሩ አገኛቸውና አብሯቸው ዋለ አደረ። ፈረስ መጋለብ አስተማሩት፤ በእንግሊዝ አገርም ነገሩ ከጆርጂያ የተሻለ መሆኑን ነገሩት። ዓመታት በእርሻና በፈረስ ጋላቢነት ካለፉ በኋላ፣ በ1912 በቨርጂኒያ ኖርፎክ ወደብ «ማርታ ሩስ» በተባለች የጀርመን የጭነት መርከብ ላይ ተደብቆ ተሳፈረ። ባሕር መሐል ሲያገኙት ባሕር ውስጥ አልጣሉትም፤ ከምድጃው አመድ እየተሸከመ እንዲደፋ አደረጉት። ስኮትላንድ፣ አበርዲን ላይ ወረደ።

ከዚያ ወዲያ ግላስጎው፣ ከዚያ ሊቨርፑል። በወደብ ጭነት ተሸክሟል። የከፋው ሥራ ግን በመዝናኛ ሥፍራ ነበር፦ በተቀደደ ሸራ ጭንቅላቱን ያወጣል፣ ሰው ገንዘብ ከፍሎ የላስቲክ ኳስ ይወረውርበታል፣ የመታው ሽልማት ያገኛል። እስቲ አስቡት፣ ለኑሮው ሲል ከኳስ የሚያመልጥ ልጅ! ፊትን ከሚመጣ ነገር ማሸሽ የለመደው በዚያ ሸራ ይመስለኛል። ትርፍ ሰዓቱን በአንድ የሊቨርፑል የቡጢ ማሠልጠኛ ማሳለፍ ጀመረ፤ እዚያም «ዲክሲ ኪድ» በሚል የመድረክ ስም የሚታወቀው አሮን ብራውን አየው። ዲክሲ ኪድ በ1904 የዌልተር ሚዛን (ከቀላል ክብደት ከፍ ያለው ምድብ) የዓለም ሻምፒዮና ክብርን የተቀዳጀ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ልጁን ወደ ለንደን ወሰደው፣ አሠለጠነው፣ ግጥሚያ ፈለገለት። በኅዳር 28 ቀን 1913 ቡላርድ ፓሪስ ውስጥ «ኤሊዜ ሞንማርትር» በተባለው አዳራሽ ተጋጠመ። በሚቀጥለው ዓመት ጓዙን ጠቅልሎ እዚያው ቀረ። ጦርነቱ ሲፈነዳ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር።

ስለ ጦር ሜዳው እቀጥላለሁ፤ አስቀድሞ ግን ቡጢ የሚያውቅ ሰው ካለ አስተያየቱን ይስጠኝ።

---

የሳሪስ አሠልጣኝ

ጥሩ ከፍተኸዋል ወንድሜ። ሐቁን እንናገር ከተባለ ቡላርድ ታላቅ ቦክሰኛ አልነበረም። በቀላል ክብደትና በዌልተር ሚዛን መካከል የሚዋልል፣ ከትልልቆቹ ግጥሚያ በፊት ሰው እስኪሰበሰብ የሚያጋጥሙት ልጅ ነው። ይህን ስል እየናቅሁት አይደለም። የዚያን ዘመን መርሐ ግብር የሚሞሉት እንደርሱ ያሉ ልጆች ነበሩ። አሥርና ሃያ ዙር ይሄዳሉ፣ ጓንቱ ቀጭን ነው፣ የጥርስ መከላከያም ገና አልተለመደም። የዛሬ ልጆች ሦስት ዙር አስሄድኳቸው ብለው ይከሱኛል።

ፓሪስ ለምን እንደሳበችው ግን ልጨምር። በ1911 የእንግሊዝ መንግሥት የከባድ ሚዛን የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ጥቁር አሜሪካዊ ጃክ ጆንሰን ከእንግሊዛዊው ቢሊ ዌልስ ጋር ለንደን ላይ እንዳይጋጠም አገደ። ጥቁር ነጩን በአደባባይ ሲያሸንፍ ቅኝ ተገዢው ሁሉ ያያል የሚል ስጋት ነበረባቸው። ጥቁር ቦክሰኛ ለእንግሊዝ ሻምፒዮና እንዳይወዳደር የሚያግደው ደንብም እስከ 1948 ድረስ ቆይቷል። ፈረንሳዮቹ ግን በቡጢ ያበዱበት ዘመን ነው፤ ጥቁር አሜሪካዊ ቦክሰኛ ደግሞ አዳራሽ ይሞላላቸዋል። ጆንሰን ራሱ ከአሜሪካ ሸሽቶ ፓሪስ ገብቷል። ቡላርድን ያሠለጠነው ዲክሲ ኪድም በ1911 ያንን የፈረንሳይ ጌጥ፣ ቦክሰኛውን ጆርጅ ካርፓንቲዬን ያሸነፈ ሰው ነው። እንግዲህ ልጁ ከማን ክንፍ ሥር እንደገባ ተመልከቱ።

አንድ ነገር ላክል፣ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሰኔ 27 ቀን 1914 ጃክ ጆንሰን ፓሪስ ላይ ከፍራንክ ሞራን ጋር ለዓለም ከባድ ሚዛን ሻምፒዮና ተጋጠመ። ሃያ ዙር ሄደው ጆንሰን በነጥብ አሸነፈ፤ ዳኛው ካርፓንቲዬ ነበር። በማግሥቱ ሳራዬቮ ላይ የኦስትሪያው አልጋ ወራሽ ተገደለ። ያ አዳራሽ በቡጢ ሲጮህ ያደረው ሕዝብ አምስት ሳምንት ሳይሞላው የክተት አዋጅ እያነበበ ነበር።

---

ጠያቂ

አንድ ጥያቄ። አገሩ አሜሪካ ነው፣ አሜሪካ ደግሞ በ1914 ጦርነቱ ውስጥ የለችም። ታዲያ ይህ ልጅ የሰው አገር ጦርነት ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገው? ደመወዝ ፈልጎ ነው?

---

የቀበና ልጅ

ለደመወዝ ከሆነ የመረጠው ቦታ የተሳሳተ ነው፤ የሌዥዮን ወታደር የሚከፈለው ሳንቲም ለትምባሆም አይበቃም። የውጭ ዜጋ በፈረንሳይ መደበኛ ጦር መግባት አይፈቀድለትም ነበር። የተከፈተለት በር አንድ ብቻ ነው፣ የውጭ ዜጎች ሌዥዮን። ቡላርድ በጥቅምት 19 ቀን 1914፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሞላው በአሥረኛው ቀን ተመዘገበ። ብቻውንም አልነበረም። ቦብ ስካንሎን የተባለ ሌላ ጥቁር አሜሪካዊ ቦክሰኛም ሌዥዮን ገብቶ ተዋግቷል። ፓሪስ ላይ ገንዘብ ያገኙት፣ በሰላም ቡና የጠጡት፣ ሴት ያጫወቱት በዚያች ከተማ ነው። ጀርመን ወደዚያች ከተማ ገስግሶ ነበር። እኔ ከዚህ የበለጠ ምክንያት አልፈልግለትም።

የመትረየስ ተኳሽ ሆነ። በ1915 በአርቷ፣ በመስከረም ደግሞ በሻምፓኝ ማጥቃት ውስጥ ነበረ። ሌዥዮኑ በዚያ ዓመት ስላለቀ የተረፉት ወደ ፈረንሳይ መደበኛ ክፍሎች እንዲዛወሩ ተደረገ። ቡላርድ የደረሰው 170ኛው እግረኛ ሬጅመንት ነው። «የሞት ወፎች» የሚል ቅጽል የነበረው ክፍል ነው፤ በኋላ ለቡላርድ የተሰጠው የጦር ሜዳ ስምም ከዚሁ የመጣ ነው።

---

ጡረተኛው መምህር

ልጆች፣ ቬርደንን እንዲህ በቅጽል ስም አትለፉት። ለረጅም ዘመን ይህን ጦርነት ሳስተምር ተማሪዎቼ የሚያስታውሱት የማርንን ውጊያና የቬርሳይን ውል ነው፤ ቬርደን ግን ምን እንደሆነ ካልገባ ሰውየው ምን እንዳለፈ አይገባም።

ጀርመኖች የካቲት 21 ቀን 1916 ማለዳ በዚህች የምሥራቅ ፈረንሳይ ከተማ ግንባር ላይ ከአንድ ሺህ በላይ መድፎች መተኮስ ጀመሩ። ውጊያው እስከ ታኅሣሥ ድረስ ዘለቀ። ከሁለቱም ወገን የሞተው፣ የቆሰለውና የጠፋው ሲደመር ወደ ሰባት መቶ ሺህ ይገመታል፤ ያውም ከአንድ ወረዳ በማትበልጥ መሬት ላይ። ከተማዋን ከሚጠብቁት ምሽጎች ዋነኛው ዱኦሞን ገና በአምስተኛው ቀን ወደቀ። የፈረንሳይ ጦር ሬጅመንቶቹን በየተራ እያስገባ ያስወጣ ነበር። ወደ ግንባር የሚወስደው ደህና መንገድ አንድ ብቻ ስለነበረ መኪኖች በላዩ ላይ ቀንና ሌሊት ይርመሰመሱ ነበር። መኪና ከተበላሸ ገፍተው ከመንገድ ያወጡታል፣ ሰልፉ አይቆምም። ምሽግ የምንለው ነገርም እዚያ ቶሎ ፈርሶ ነበር፤ ወታደሩ የተጠለለው መድፍ በቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ነው።

ቡላርድ መጋቢት 5 ቀን ጭኑን ክፉኛ ቆሰለ። ሊዮን ሆስፒታል ወሰዱት። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ «ክሩዋ ደ ጌር» የተባለው የጦር መስቀል ተሰጠው። ለእግረኛ አገልግሎት እንደማይመለስ ተነገረው። ሃያ አንድ ዓመት እንኳ አልሞላውም።

የቀበና ልጅ ግን ቡጢውን ትንሽ አብዝቶ አከበረው ልበል? ልጁን ወደ ፈረንሳይ የጠራው የአባቱ ቃል ነው። ጓንት ባያገኝ በሌላ መንገድ ይሄድ ነበር።

---

የቀበና ልጅ

ጋሼ፣ አባቱ ፍላጎቱን ሰጠው፤ ቲኬቱን የቆረጠለት ግን ዲክሲ ኪድ ነው። በዚያ ዘመን ፈረንሳይን የተመኙ ብዙ ጥቁር ልጆች በጆርጂያ ነበሩ፤ ጥጥ እየለቀሙ አረጁ። አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ አልለቅም።

---

ሰነድ ፈታሽ

እንግዲህ ጎርበጥ የሚል ነገር ላምጣ። እስካሁን የተጻፈው ግማሹ የመጣው ከራሱ ከቡላርድ አንደበት ነው። ሰውየው በስተርጅናው ኒው ዮርክ ተቀምጦ የሕይወት ታሪኩን በእጁ ጻፈ፤ ታትሞ ሳያየው ሞተ። ጨዋታ አዋቂ ሰው ነበር፤ ጨዋታ አዋቂ ሰው ደግሞ ቅመም ይጨምራል። ስለዚህ ሁለት ክምር እንሥራ።

በፈረንሳይ መዝገብ የሚረጋገጠው፦ የሌዥዮን ምዝገባው፣ 170ኛው ሬጅመንት፣ ቁስሉና ሜዳሊያው። ከዚያ ግንቦት 5 ቀን 1917 ከፈረንሳይ ኤሮ ክለብ ያገኘው የአብራሪነት ፈቃድ፣ ቁጥሩም 6950። በዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ስኳድሮን 93 መግባቱ፣ በመስከረም ወደ ስኳድሮን 85 መዛወሩ፣ እስከ ኅዳር 11 ድረስ እዚያ መብረሩ። ከሃያ በላይ ግዳጅ መወጣቱም አያከራክርም።

በእርሱ ቃል ብቻ የቆመው፦ የአባቱ የሌሊት ታሪክ፣ የውርርዱ ነገር (ይህን የቀበና ልጅ እስካሁን አልነገራችሁም)፣ እና ከሁሉም በላይ የጣላቸው አውሮፕላኖች። አንድ ወይም ሁለት የጀርመን አውሮፕላን መትቻለሁ ይላል። በይፋ የጸደቀለት አንድም የለም። የፈረንሳይ አየር ኃይል አንድን ድል ለማጽደቅ የዓይን ምስክር ይፈልግ ነበር፤ ተመትቶ ከጀርመን መስመር ጀርባ የወደቀ አውሮፕላን ደግሞ ምስክር የለውም። ይህ ማለት ዋሽቷል ማለት አይደለም። «ጣለ» ብሎ መጻፍ ግን አይቻልም፣ «ጣልኩ አለ» ነው የሚባለው። በየማኅበራዊ ገጹ «አምስት አውሮፕላን የጣለ ጀግና» የሚለውን የምታጋሩ ሰዎች ከየት እንዳመጣችሁት ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

---

የቀበና ልጅ

የሰነድ ፈታሽን ክምር እቀበላለሁ፤ በውርርዱ ላይ ግን እንከራከራለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቡላርድ ከቁስሉ አገግሞ ፓሪስ ከወዳጆቹ ጋር ተቀምጦ አብራሪ እሆናለሁ አለ። ጄፍ ዲክሰን የሚባል ነጭ አሜሪካዊ ጓደኛው፣ ጥቁር ሰው አውሮፕላን አያበርም ብሎ ሁለት ሺህ ዶላር አስያዘ። የዚህ ዲክሰን ሙሉ ስም ጄፈርሰን ዴቪስ ዲክሰን ነው፤ ሚሲሲፒ ተወልዶ፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተገነጠሉት የደቡብ ባሪያ አሳዳሪዎች ፕሬዚዳንት በነበረው ሰው ስም የተጠራ። እንዲህ ያለው ሰው ከጥቁር ጋር አንድ ጠረጴዛ ከብቦ መወራረዱ ፓሪስ ምን ዓይነት ቦታ እንደነበረች ይነግራችኋል። ቡላርድ መጀመሪያ የተመደበው ለአውሮፕላን ተኳሽነት ነበር፤ ወደ አብራሪነት አዙሩኝ ብሎ አመለከተ፣ ተፈቀደለት። «ኮድሮን» በተባለችው የሸራና የእንጨት አውሮፕላን ተማረ። ፈቃዱን ሲያገኝ ውርርዱን በላ።

ግዳጅ ሲወጣ «ጂሚ» የሚላትን ዝንጀሮውን በኮቱ ውስጥ ሸጉጦ ይሄድ ነበር። አውሮፕላኑ ላይም «የሚፈስ ደም ሁሉ ቀይ ነው» የሚል ጽሑፍ እንደነበረ ይነገራል። ሰነድ ፈታሽ ይህንን የትኛው ክምር ላይ እንደሚያስቀምጠው አላውቅም፤ እኔ ዝንጀሮዋን አሳልፌ አልሰጥም።

የሚያናድደው ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። አሜሪካ በ1917 ጦርነቱ ውስጥ ስትገባ በፈረንሳይ ክንፍ ሥር ይበሩ የነበሩ አሜሪካውያን ወደ አገራቸው አየር ኃይል እንዲዛወሩ ተጠየቁ። ቡላርድም አመለከተ፣ በሐኪም ተመረመረ። ከመርማሪዎቹ ዋነኛው ዶክተር ኤድመንድ ግሮስ ነበር፤ ፓሪስ የሚኖር አሜሪካዊ ሐኪም፣ ለፈረንሳይ የሚበሩትን አሜሪካውያን በማደራጀት ስሙ የሚነሣ። ቡላርድ እንደሚተርከው እግርህ ጠፍጣፋ ነው አሉት፤ በእግረኛ ጦር ቬርደን ድረስ ሄጄበታለሁ አላቸው። ቶንሲልህ ትልቅ ነው አሉት፤ ኦፔራ ልዘፍን አልመጣሁም አላቸው። ምርመራውን አለፈ፤ ግን ጥሪው አልመጣም። ነጮቹ ጓደኞቹ መኮንን እየሆኑ ሄዱ፣ እርሱ እዚያው ቀረ።

ብዙም ሳይቆይ ከአንድ ፈረንሳዊ መኮንን ጋር ተጋጨ፤ ከአየር ኃይል አውጥተው ወደ 170ኛው ሬጅመንት የአገልግሎት ክፍል መለሱት። ጦርነቱ እስኪያልቅ እዚያ ቆየ። ጠቡ ሰበብ ነው ወይስ ምክንያት፣ ከጀርባው የአሜሪካኖቹ እጅ ነበረበት ወይስ አልነበረበትም፣ በዚህ ላይ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። የእኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ፣ ከአንድ ዓመት በላይ በምሽግ የኖረ፣ ቀድሞም በመድረክ ሲመታ መልሶ መምታት የለመደ ሰው፣ መኮንን ሲሰድበው ዝም ይላል ብሎ የሚጠብቅ ካለ ቦክሰኛ አያውቅም።

---

የአስመራ ባቡር

«የመጀመሪያው» በሚለው ቃል ላይ እኔም አንድ ስም ልጣል። በ1886 አስመራ የተወለደ ወልደ ሥላሴ የተባለ ልጅ ነበር። አቲሊዮ ሞንዴሊ የሚባል ጣሊያናዊ መኮንን በልጅነቱ ወደ ጣሊያን ወሰደው፤ ስሙም ዶሜኒኮ ሞንዴሊ ሆነ። የጦር አካዳሚ ገባ፣ መኮንን ሆነ፣ በ1914 የአብራሪነት ፈቃድ አገኘ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት «ካፕሮኒ» የተባሉትን ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ይዞ በረረ። ቡላርድ በዚያ ጊዜ ገና መትረየስ ይዞ ጭቃ ውስጥ ነው። በኋላ ፋሽስቶች በቆዳው ምክንያት እድገቱን ዘጉበት፤ ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ ግን ጄኔራል ሆኖ ሞቷል። የኛው አገር ልጅ ነው፤ ስለ እርሱ ክር ሲከፈት አላየሁም።

---

ሰነድ ፈታሽ

ጥሩ አድርገህ አነሣኸው። ኦቶማኖችም አሕመድ አሊ የተባለ አፍሪካዊ ዝርያ ያለው የባሕር ኃይል አብራሪ ነበራቸው፤ ቱርኮች የመጀመሪያው እርሱ ነው ይላሉ። ስለዚህ ለቡላርድ የሚመጥነው አባባል «የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ወታደራዊ አብራሪ» ነው። እዚያ ላይ ተቀናቃኝ የለውም።

---

የቀበና ልጅ

በዚህ እስማማለሁ። የወልደ ሥላሴን ክር ግን አንተው ክፈተው፣ የአስመራ ባቡር። የሞንዴሊ ነገር እዚህ መሐል ከተወሸቀ ይባክናል፤ ወራሪ ባሳደገው ልጅ ላይ የሚነሣው ጥያቄ ብቻውን ሦስት ገጽ ይፈጃል።

---

ኩዊንስ ነዋሪ

እኔ የምኖረው ኒው ዮርክ ነው፤ የሰውየውን ማብቂያ ልንገራችሁ፣ ከጦር ሜዳው ይልቅ ልቤን የሚበላው እርሱ ነውና።

ከጦርነቱ በኋላ ቡላርድ ፓሪስ ቀረ። ሞንማርትር ውስጥ የጃዝ ድራም መታ፣ ቀጥሎ «ለ ግራን ዱክ» የተባለውን የምሽት ክበብ አስተዳደረ። በ1924 በዚያ ክበብ ማእድ ቤት ሳህን ያጥብ የነበረው ወጣት ላንግስተን ሂዩዝ ነው፤ ኋላ ስመ ጥር የሆነው ባለቅኔ። ፈረንሳዊት አገባ፣ ሁለት ሴት ልጆች ወለደ፣ ተፋታ፣ ልጆቹን ራሱ አሳደገ። የራሱ ቡና ቤትና የስፖርት ማሠልጠኛም ነበረው። ሁለተኛው ጦርነት ሲቃረብ ጀርመኖች እየመጡ ይጠጡ የነበረው በእርሱ ቤት ነው። ጥቁር አስተናጋጅ ጀርመንኛ ይሰማል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። የሰማውን ለፈረንሳይ ሰላዮች ያቀብል ነበር።

በ1940 ጀርመን ፈረንሳይን ሲወር አርባ አራት ዓመቱ ነው፤ እንደገና ተመዘገበ፣ ኦርሌዓን አካባቢ ከ51ኛው እግረኛ ሬጅመንት ጋር ተዋጋ። መድፍ ጀርባውን ጎዳው። አዛዡ፣ ጀርመኖች ከያዙህ አይምሩህም፣ ሂድ አለው። በስፔን በኩል አልፎ ከሊዝበን መርከብ ተሳፍሮ ኒው ዮርክ ገባ። ልጆቹ ኋላ መጡለት።

አሜሪካ የተቀበለችው እንዴት ነው? በወደብ ሠራ፣ ሽቶ አዙሮ ሸጠ፣ ለሉዊ አርምስትሮንግ አስተርጓሚ ሆነ። በ1949 ከኒው ዮርክ ወጣ ብላ በምትገኘው ፒክስኪል የጥቁሩ ድምፃዊ የፖል ሮብሰን ኮንሰርት ላይ በተነሣው ረብሻ ነጮች ደበደቡት፤ ከመቺዎቹ መካከል ፖሊሶች ነበሩ። ሲመታ የሚያሳይ ፊልም አለ። የቬርደን ቁስለኛ፣ ሃምሳ ሦስት ዓመቱ፣ መሬት ላይ ወድቆ በዱላ ሲደበደብ።

ፈረንሳይ በበኩሏ አልረሳችውም። በ1954 ወደ ፓሪስ ጠርታ ከሁለት ፈረንሳውያን ጋር በማይታወቀው ወታደር መቃብር ላይ ያለውን ችቦ እንዲለኩስ አደረገችው። በጥቅምት 1959 «ሌዥዮን ዶነር» የተባለውን ከፍተኛ የክብር ኒሻኗን ሰጥታ ባላባት አደረገችው። በዚያ ጊዜ ሰውየው በሮክፌለር ሴንተር ሊፍት ያንቀሳቅስ ነበር። የቴሌቪዥን ጣቢያው በዚያው ሕንፃ ስለነበረ በታኅሣሥ 1959 ለቃለ መጠይቅ አስገቡት። የለበሰው የሊፍት ሠራተኛ የደንብ ልብሱን ነበር። የአሜሪካ ሕዝብ የጦር ጀግናውን በቴሌቪዥን ያየው በዚያ ልብስ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ጄኔራል ደ ጎል ኒው ዮርክ ሲመጡ በሕዝብ ፊት አቀፉት።

በጥቅምት 1961 በሆድ ካንሰር ሞተ። የተቀበረው እኔ ባለሁበት ክፍለ ከተማ፣ ፍላሺንግ፣ ለፈረንሳይ አርበኞች በተለየ ሥፍራ ነው፤ የሌዥዮን የደንብ ልብሱን እንደለበሰ። የአሜሪካ አየር ኃይል የምክትል መቶ አለቃነት ማዕረግ የሰጠው በ1994 ነው። በ1917 ቢሰጡት ኖሮ ይለብሰው ነበር።

---

የሳሪስ አሠልጣኝ

ይህን ካነበብኩ በኋላ ባትሊንግ ሲኪን ሳላነሣ ማለፍ አልቻልኩም፤ የሁለቱ ዕጣ ይመሳሰላል። ሲኪ በሴኔጋል ሴን ሉዊ የተወለደ፣ ከጦርነቱ በፊት በፈረንሳይ ቡጢ የጀመረ፣ ከዚያ በ8ኛው የቅኝ ግዛት እግረኛ ሬጅመንት ተዋግቶ ሜዳሊያዎች ያገኘ ነው። ከጦርነቱ ሲመለስ ወደ መድረክ ተመለሰ። መስከረም 24 ቀን 1922 ፓሪስ ላይ ካርፓንቲዬን በስድስተኛው ዙር ዘረረው። ዳኛው መጀመሪያ፣ ሲኪ ጠልፎ ጣለ ብሎ ድሉን ለካርፓንቲዬ ሰጠ። ሕዝቡ ስታዲየሙን ሊገለብጠው ሲደርስ ውሳኔው ተሽሮ ሲኪ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ካርፓንቲዬም በጦርነቱ አብራሪ የነበረ ባለ ሜዳሊያ ነው፤ ስለዚህ የተጋጠሙት ሁለት የቀድሞ ወታደሮች ነበሩ። ከዚያ ሲኪ በ1923 ክብሩን ደብሊን ላይ፣ በአየርላንዶች ዓመት በዓል ቀን፣ ለአየርላንዳዊው ማክቲግ አስረከበ። የት እንደሚጋጠሙ የመከረውን ሰው ባገኘው! በ1925 መጨረሻ ኒው ዮርክ ጎዳና ላይ በጥይት ተገደለ።

ቡላርድ ከሲኪ በቡጢ አይወዳደርም፤ በብልሃት ግን ይበልጠዋል። ሲኪ ከመድረክ ውጪ ሌላ መተዳደሪያ አልያዘም። ቡላርድ ጓንቱን ሲሰቅል ድራም አነሣ፣ ድራሙን ሲያስቀምጥ ክበብ ከፈተ። ለልጆቼ የምነግራቸው ይህንን ነው፣ አይሰሙም እንጂ።

---

ጠያቂ

ለሁላችሁም ምስጋና ይድረሳችሁ። አንድ ነገር ቀረኝ፤ ያ ዲክሰን የተባለው ሁለት ሺህ ዶላሩን በርግጥ ከፈለ? ኋላስ የት ደረሰ?

---

የቀበና ልጅ

ቡላርድ ከፈለኝ ይላል፤ ሰነድ ፈታሽ ሁለተኛው ክምር ላይ ይጣለው። የዲክሰን መጨረሻ ግን የታወቀ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ፓሪስ ቀርቶ የፈረንሳይ ትልቁ የቡጢ ግጥሚያ አዘጋጅ ሆነ። ጆንሰንና ሞራን የተጋጠሙበትን ያንን አዳራሽ፣ ቬሎድሮም ዲቬርን፣ በ1930ዎቹ ያስተዳድር የነበረው እርሱ ነው። ሁለተኛው ጦርነት ሲመጣ የአሜሪካ አየር ኃይል ውስጥ ገባ፤ በሐምሌ 1943 የተሳፈረበት ቦምብ ጣይ በፈረንሳይ ሰማይ ላይ ተመትቶ ሞተ።